የጉንዳን አንበሳን ከፎቶ ብቻ እስከ ዝርያው መለየት ይቻላል? (አዋሽ እና ሰመራ፣ 4 ፎቶዎች)

አዋሽ_ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የጉንዳን አንበሳ በመለየት ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ። እጩ አሸዋ ላይ ሾጣጣ ጉድጓድ ቆፍሮ ጉንዳን የሚያጠምደው፣ ሲጎለምስ ደግሞ ረጅም ክንፍ አውጥቶ ማታ ማታ መብራት ላይ የሚመጣው ማለቴ ነው። አራት ፎቶ አያይዣለሁ።

ፎቶ 1፦ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ መብራት ያለበት ግድግዳ ላይ። በጣም ትልቅ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ክንፉ ላይ ሰፋፊ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። የሆዱ ጫፍ ላይ ወረንጦ የሚመስሉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ይታያሉ።

ፎቶ 2፦ እዚያው አዋሽ፣ ግራር ሥር ደረቅ ሣር ላይ ያረፈ። ክንፉ ጥርት ያለ፣ ሰውነቱ ግራጫ፣ ከራሱ እስከ ሆዱ ጫፍ 32 ሚሊ ሜትር።

ፎቶ 3፦ ሰመራ፣ ገላጣ አሸዋ አጠገብ መብራት ላይ የመጣ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ደረቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚወርዱ ጥቁር መስመሮች አሉት።

ፎቶ 4፦ ፎቶ 2 ከተነሣበት ግራር ጥላ ሥር፣ ከጉድጓድ የወጣ እጭ። የጉድጓዱ አፍ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

የስልክ መተግበሪያ ፎቶ 2ንም ፎቶ 4ንም «ሚርሜሊዮን ፎርሚካሪዩስ» ይላቸዋል። አንድ ዛፍ ሥር ስለተገኙ እጩ የፎቶ 2 ነው ብዬ ይዣለሁ። ጥያቄዬ፦ የእነዚህን ስም ማወቅ ይቻላል? ካልተቻለስ የትኛውን የአካል ክፍል ባነሣ ይሻላል? ነፍሳቱን ሳልገድል ብሠራ እመርጣለሁ።

ክንፈ_መረብ፦

ሰላም ወንድሜ። ፎቶዎቹ ጥራት አላቸው፤ ችግሩ የተነሡት ለማሳየት እንጂ ለመለየት አለመሆኑ ነው። የጉንዳን አንበሳ በቀለም አይለይም። አንዱ ዝርያ ከወንድ ወደ ሴት፣ ትናንት ከጎለመሰው ሳምንት ወደቆየው መልኩን ይቀይራል። መጀመሪያ የክንፍ ሥር (እንደ ደም ሥር ክንፉን የሚያቋርጡት መስመሮች) ይነበባል፣ ቀጥሎ እግር፣ ቀጥሎ የሆድ ጫፍ፤ ቀለም መጨረሻ ነው።

መተግበሪያው የሰጠህን ስም ተወው። ሚርሜሊዮን ፎርሚካሪዩስ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ በ1767 ስም ያወጣለት የአውሮፓና የእስያ ዝርያ ነው፤ የአዋሽ አይደለም። መተግበሪያዎች የሚያውቁት የተማሩበትን ፎቶ ነው፣ የጉንዳን አንበሳ ፎቶ ደግሞ ከአውሮፓ የበዛ ነው። ለዚህ ቤተሰብ ከአፍሪካ ቆላ የሚሰጡትን ስም «ከዚህ ጋር ይመሳሰላል» ብለህ ብቻ ያዘው።

ወደ ስም ከመሄድህ በፊት ነፍሳቱ በርግጥ የጉንዳን አንበሳ መሆኑን አረጋግጥ። አንቴናው ወፈር ብሎ ጫፉ እንደ ዱላ ጭንቅላት ካበጠና ርዝመቱ ራስና ደረት አንድ ላይ የሚሆኑትን ያህል ከሆነ ደህና ነው። ውኃ ዳር የሚታዩት ድራገንፍላይና ዳምስልፍላይ አንቴናቸው አጭር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። አንቴናው የፊት ክንፉን ርዝመት ሊያህል ከደረሰ አውልፍላይ የሚባለው ዘመዱ ነው፤ በቅርቡ ምደባ አውልፍላዮችን እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ የሚያስገቡ ሊቃውንት ስላሉ ስሙ ተደበላልቆ ብታገኘው አትደንግጥ። አንቴናው የተቆረጠ እንደሆነ የክንፉን ጫፍ እይ፦ በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ፣ ወደ ጫፉ ተጠግቶ ካለው ነጥብ ሥር አንድ ረጅም ጠባብ ክፍል ካለ የጉንዳን አንበሳ ነው። በአውልፍላይ ያ ክፍል አጭር ነው። ደግሞም የኋላ ክንፉ እንደ ጥብጣብ ቀጥኖ ወደ ኋላ የሚንጠለጠል ከሆነ ኔሞፕተሪዴ የሚባለው ሌላ ቤተሰብ ነው፤ እሱም ቆላ ላይ መብራት ይወዳል።

አሁን ወደ ፎቶዎችህ።

ፎቶ 1 ፓልፓሪኒ ከሚባለው ነገድ ወንድ ነው። ትልቅነቱ፣ የተነጠበጠበው ክንፍ፣ ወረንጦ ያልከው የሆድ ጫፍ አንድ ላይ ሲሆኑ ከዚያ አይወጣም። ወረንጦው ሴቷን የሚይዝበት ነው። ፓልፓሬስ የሚለው ጂነስ (በቅርብ የሚዛመዱ ዝርያዎች ስብስብ) መጀመሪያ የሚታሰብ ቢሆንም በአፍሪካ ስቴናሬስና ቶማታሬስም አሉ፤ ስለዚህ አራቱም ክንፎች ተዘርግተው ከላይ የተነሣ ፎቶ ያስፈልጋል። በዚህ ነገድ ውስጥ የነጠብጣቡ አቀማመጥ ከሌሎቹ ይልቅ ይረዳል፤ ግን ክንፉ እንደ ጣራ ከታጠፈ የኋላ ክንፉ ነጠብጣብ ይሸፈናል፣ የሚለየውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ፎቶ 2 ላይ «ሚርሜሊዮን» ለማለት የሚያስቸኩል ነገር የለም። ጥርት ያለ ክንፍና ግራጫ አካል ያላቸው ብዙ ጂነሶች ናቸው። እዚህ የሚያስፈልገው የኋላ ክንፍ መነሻ ነው፤ እንዴት እንደሚቆጠር ልግለጽ። ከክንፉ መነሻ ጀምሮ፣ ከፊት ጠርዝ ጋር ትይዩ የሚሄድ ወፍራም ሥር አለ፣ ራዲየስ ይባላል። ጥቂት ከሄደ በኋላ ከሥሩ ወደ ኋላ አንድ ቅርንጫፍ ይሰጣል። ከክንፉ መነሻ እስከዚያ ቅርንጫፍ ድረስ ባለው ቦታ፣ በራዲየስና ከኋላው ባለው ዋና ሥር መካከል እንደ መሰላል ደረጃ የተጋደሙትን አጫጭር ሥሮች ቁጠር። አንድ ብቻ ከሆነ ዲስቶሊዮን፣ ኒውሮሊዮን፣ ክሬዮሊዮንና መሰሎቻቸው ወዳሉበት ወገን ትሄዳለህ። አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሚርሜሊዮን ሊሆን ይችላል። ፎቶህ ላይ የፊት ክንፉ ሸፍኖታል።

ፎቶ 3 ኩዌታ ይመስላል። ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ በቁመቱ የተሰመረ ደረት የዚህ ጂነስ ልማድ ነው፤ ገላጣና ሞቃት አሸዋ ላይ መገኘቱም ይስማማዋል። «ይመስላል» ያልሁት ከልቤ ነው፤ መስመር ያላቸው ሌሎችም አሉ።

ፎቶ 4ን እጭ ለሚያውቅ ትቼዋለሁ።

ሳትገድል ለማንሣት እንዲህ አድርግ። ነፍሳቱን ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ደረቅ ሶፍት አንጥፈህ ፍሪጅ ውስጥ (ማቀዝቀዣው ውስጥ ሳይሆን ከታች) 10 ደቂቃ አቆየው። ሶፍቱ ለጤዛ ነው፤ ዕቃው ከፍሪጅ ወጥቶ ሙቀት ሲያገኘው ጤዛ ያወጣል፣ ያ ጠብታ ክንፍ ላይ ካረፈ ክንፍና ክንፍ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅም ይቀደዳል። የቆላ ነፍሳት ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ስለሚነቃ በእጅህ ያለህ ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ካሜራውን፣ መብራቱንና ማስመሪያውን አስቀድመህ አሰናዳ። ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይዘህ የፊት ክንፉን ወደ ፊት ገፋ አድርገው፣ የኋላው ይገለጣል።

ካሜራ ከሆነ የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11፣ ብርሃኑ እንዲለሰልስ ፍላሹ ፊት ነጭ ወረቀት። ስልክ ከሆነ በ10 እጥፍ የሚያጎላ ተለጣፊ ሌንስ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ክንፉ ከሌንሱ ጋር ትይዩ መሆኑ ነው። ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ጫፉ ጥርት ብሎ መነሻው ይደበዝዛል፣ እኛ የምንቆጥረው ደግሞ መነሻው ላይ ነው። የስልኩን ራስ ሰር ማሳመሪያ አጥፋው፤ ቀጫጭን ሥሮችን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያለሰልሳቸዋል።

የሚያስፈልጉኝ ፎቶዎች፦ ከላይ ክንፍ ተዘርግቶ፣ የኋላ ክንፍ መነሻ በቅርብ፣ ፊቱ ከፊት ለፊት፣ የኋላ እግር ከጎን፣ የሆድ ጫፍ ከጎንና ከላይ። በአንዱ ላይ ቢያንስ የሚሊ ሜትር ማስመሪያ ይታይ።

ሐሩር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከእስራኤል፣ ከቤርሼባ ነው፤ የዚህ የኔጌቭ በረሃ እጮች ከአዋሽ ጋር አንድ ዝርያ ናቸው ባልልም አሠራሩ አንድ ስለሆነ ስለ ፎቶ 4 ልናገር።

አዋሽ ዳር፣ የጉድጓዱ ስፋት ዝርያ አይናገርም። እጭ ሦስት ዕድገት አለው፣ በየዕድገቱ ጉድጓዱ ይሰፋል፤ ከዚያ በላይ ረሃብና የአሸዋው ደቃቅነት ይቀይሩታል። አንዱ እጭ ዛሬ 2 ሳንቲ ሜትር፣ በሳምንቱ 4 ሊቆፍር ይችላል።

ጉድጓድ መኖሩ ራሱ ግን ትልቅ ምልክት ነው፤ ምክንያቱም ከጉንዳን አንበሶች ጉድጓድ የሚቆፍሩት ጥቂት ጂነሶች ናቸው። ሚርሜሊዮንና ኩዌታ ይቆፍራሉ። ፓልፓሬስ አይቆፍርም፤ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አድፍጦ ነው የሚይዘው። አካንታክሊሲኒ የሚባሉት ወፍራምና ፀጉራም እጮችም እንዲሁ ጉድጓድ የላቸውም፣ አሸዋ ሥር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይፈጥናሉ። የሚርሜሊዮን እጭ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እግሩን ዘርግቶ ወደ ፊት የተራመደ እጭ ካየህ «ሚርሜሊዮን» አትበለው።

በፎቶ 2 ያለው ክሬዮሊዮን ወይም ዲስቶሊዮን ቢሆን ደግሞ እጩ ጉድጓድ አይቆፍርም። ማለትም ፎቶ 4 የፎቶ 2 ሊሆን አይችልም። አንድ ዛፍ ሥር መገኘት ዝምድና አይደለም፤ ጥላ ያለው ደቃቅ አሸዋ ለሁሉም ይመቻል።

በኔጌቭና በአረባ ጉድጓድ ቆፋሪ ሆነው የሚገናኙት ሁለቱ ሚርሜሊዮን ሃያሊኑስና ኩዌታ ሊኔዮሳ ናቸው። ሃያሊኑስ በአገሩ በጣም የተለመደው ነው፣ ጥላም ይወዳል። ሊኔዮሳ ከእሱ ይልቅ ሙቀት ይችላል፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታውን ገላጣ አሸዋ ይይዛል። ቦታው ጥርጣሬን ያቀናል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በድንበሩ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቆፍራሉ።

ለእጭ ፎቶ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ጀርባውን ብቻ በማንሣት ነው። ጀርባው አሸዋ የተለጠፈበት ፀጉር ነው፣ ምንም አይነበብም። እጩን በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው፣ ገልብጠህ ሆዱን አንሣ። ጭንቅላቱ ከሥር በኩል ያለው ጥቁር ምልክት፣ እግሩ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች፣ የሆዱ መጨረሻ ላይ ያሉት መቆፈሪያ እሾሆች፤ የሚርሜሊዮን ዝርያዎች እርስ በርስ የሚለዩት በእነዚህ ነው። ከላይ ደግሞ መንጋጋው ተከፍቶ ይነሣ፤ በእያንዳንዱ መንጋጋ ላይ ያሉት ሦስት ጥርሶች እርቀታቸው መለካት አለበት። ይህ ሁሉ የሚሠራው በሦስተኛው ዕድገት ላይ ላለ እጭ ነው። ሚርሜሊዮን ሆኖ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሾጣጣ ጉድጓድ ውስጥ እግር የሌለው፣ ቀጭን ትል የመሰለ ነገር ከወጣ የጉንዳን አንበሳ አይደለም፤ ዎርምላየን የሚባል የዝንብ እጭ ነው። እዚህ ግንብ ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት ደቃቅ አፈር ላይ ሞልቷል፣ በምሥራቅ አፍሪካና በዐረቢያም የራሳቸው ዝርያዎች አሉ። ጉድጓዱን ብቻ አንሥተህ እጩን ካላሳየህ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

አዋሽ_ዳር፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክንፈ መረብ፣ እንደነገሩኝ የፎቶ 2 ዓይነት ሌላ ከዚያው ሣር ላይ ተይዞ ተነሥቷል፤ አሁን 5 አዲስ ፎቶ አያይዣለሁ። ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ሳደርገው ከክንፉ ሥሮች ግማሾቹ ጠፉ። ሁለተኛ፣ የኋላ እግሩ ላይ ያለው እሾህ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር መሰለኝ፣ ምን እንደምለካ አላወቅሁም። በኋላ ክንፉ ላይ ቅርንጫፉ ሳይደርስ የቆጠርሁት አንድ ሥር ብቻ ነው፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

እጩን በተመለከተ ከማንሣት ይልቅ አሳድጌ ብጠብቀው ምን ይመስላችኋል? ምን ያህል ከባድ ነው?

ክንፈ_መረብ፦

ነጭ ወረቀት ላይ የጠፉት ሥሮች አልጠፉም። በብዙዎቹ የጉንዳን አንበሶች የክንፍ ሥር እንደ ተቆራረጠ ክር ነው፤ ጥቁር፣ ነጣ ያለ፣ ጥቁር፣ ነጣ ያለ እያለ ይሄዳል። ነጩ ወረቀት ነጣ ያለውን ይውጠዋል። ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ አድርግና መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገህ ስጠው፣ ያን ጊዜ ነጣ ያለው ያበራል። ነጩንም ጥቁሩንም አንሣና ጎን ለጎን እይ፤ ጥቁሩ ላይ ያልታየው ነጩ ላይ ይታያል። ቁጥር የሚሰጠው ሁለቱ ሲገጥሙ ነው።

አዲሱ ሦስተኛ ፎቶህን አጉልቼ አየሁት፤ ቆጠራህ ትክክል ነው፣ አንድ ነው። ከመነሻው ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለተኛ የሚመስለው በፊት ክንፉ ላይ ያለ ሥር በክንፉ ጥራት አልፎ የታየ ነው፤ የፊት ክንፉን በደንብ ካልገፋህ ሁልጊዜ እንዲህ ያሳስታል። አዲሱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ፎቶ 2 ሚርሜሊዮን አይደለም፣ ፎቶ 4ም የእሱ እጭ አይደለም። ሐሩር በትክክል አስቀምጦታል።

ስለ እግሩ። የምትለካው በቅልጥሙ ጫፍ ላይ ያሉትን ጥንድ እሾሆች ነው፤ ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣው የእግር ጫፍ አምስት አንጓ አለው። ጥያቄው እሾሁ እስከ ስንተኛው አንጓ ይደርሳል የሚለው ነው፤ እስከ አንደኛው መጨረሻ፣ ወይስ ሁለተኛውን አልፎ? ይህ ልኬት ዝርያ መለያ ቁልፎቹ (ደረጃ በደረጃ እየጠየቁ ወደ ስም የሚያደርሱት ዝርዝሮች) የሚጠይቁት ነው። አንዱ ረጅም አንዱ አጭር የመሰለህ ከጎን ስላነሣኸው አንዱ ወደ ካሜራው ስለዞረ ነው። እግሩን በብሩሽ ገፍተህ ወረቀት ላይ አስተኛውና ከላይ አንሣው። እሾሁ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ መንጠቆ በቀኝ ማዕዘን የታጠፈ ከሆነ፣ ሰውነቱም ወፍራምና ፀጉራም ከሆነ፣ የፊት ክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ያሉት ክፍሎች በሁለት ረድፍ ከተደረደሩ፣ ያ አካንታክሊሲኒ ነው፤ በአፍሪካ ሴንትሮክሊሲስ የሚባለው ጂነስ ከነዚህ ነው። የአንተው ቀጭን ስለሆነ እዚያ አይገባም።

ቀጥሎ ሆዱን ተመልከት። አዲሱ አምስተኛ ፎቶ ላይ የሆዱ ጫፍ ደነዝ ሆኖ ከሥሩ አጫጭር ጠንካራ ፀጉሮች አሉት፤ ሴት ናት፣ በእነዚያ ነው አሸዋ ቆፍራ እንቁላል የምትጥለው። በዚህ ወገን ዝርያ የሚለየው በወንዱ ስለሆነ ከዚህች ላይ ከጂነስ ማለፍ አይቻልም። ወንድ ሲገኝ አንድ ሌላ ነገር ፈልግ፦ በብዙ ዝርያዎች በወንዱ የኋላ ክንፍ መነሻ ላይ፣ ክንፉ ከሰውነቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ወደ ኋላ የወጣች አንጓ አለች፤ ጫፏ ላይ ጸጉር እንደ ብሩሽ በቅሏል። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ሁሉ አቧራ ነች ብሎ ይጠርጋታል። ስለዚህ ክንፉን ስታጸዳ ከመነሻው እጅህን አርቅ።

ስለ ዝርያ ስም እውነቱን ልንገርህ። ብዙዎቹን የሚወስነው የወንዱ የውስጥ አካል ነው። የሆዱ ጫፍ ተቆርጦ፣ በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥጋው ተሟሙቶ፣ በግሊሰሪን ውስጥ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በፎቶ አይታይም። የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስሞችም የተዘበራረቁ ናቸው። ጀርመናውያኑ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ሄምፕሪክና ኤረንበርግ ከ1820 እስከ 1825 ከግብፅ እስከ ምጽዋ የሰበሰቡትን የነፍሳት ሊቁ ክሉግ በ1834 ስም አወጣለት፤ ክሬዮሊዮን ግሪሴዩስና ፓልፓሬስ ሴፋሎቴስ ከዚያ የመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ስፔናዊው ቄስ ሎንጊኖስ ናቫስ እጅግ ብዙ ስም አወጣ፣ ብዙዎቹም ቀድሞ ስም ለነበራቸው ነፍሳት የተሰጡ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ለምሳሌ «ክሬዮሊዮን፣ ዝርያው ያልተወሰነ» ብለህ መመዝገብ ጉድለት አይደለም፣ ትክክለኛው መልስ ነው። የተሳሳተ የዝርያ ስም ግን መረጃ ቋት ውስጥ ገብቶ ነገ ሌላ መተግበሪያ ያስተምራል።

መግደል ስላልፈለግህ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ናሙና መያዝ ቢያስፈልግ፣ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ አንዲት ነፍሳት እንኳ አይነሣም። ከፓርኩ ውጭም ለምርምር ሲሆን በ482/1998 አዋጅ መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ፈቃድ የሚሰጠው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ወንፊት፦

አዋሽ ዳር፣ አሳድገው። እጭን ከጎለመሰው ጋር በእርግጠኝነት የሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፣ ወጪውም የፕላስቲክ ኩባያ ብቻ ነው።

ከጉድጓዱ ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለህ በማንኪያ በአንድ ጊዜ አንሣው፤ በጭራሮ መጎርጎር እጩን ወደ ታች ያሸሸዋል ወይም ሆዱን ይወጋዋል። አሸዋውን በዱቄት ወንፊት ንፋ፣ እጩ ከላይ ይቀራል። የነፋኸውን ደረቁን አሸዋ አፉ 8 ሳንቲ ሜትር በሆነ ኩባያ ውስጥ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ሙላ። በአንድ ኩባያ አንድ እጭ፤ ሁለት ካደረግህ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ኩባያው ላይ ቦታ፣ ቀንና የፎቶ ቁጥር ጻፍ።

በሁለት ሦስት ቀን አንዴ አንድ ትንሽ ጉንዳን ወይም የዱቄት ነቀዝ እጭ ይበቃዋል። ትልልቅ ተናካሽ ጉንዳን አትስጠው፣ ትንሹን እጭ ይጎዳዋል። ውኃ አያስፈልግም፤ እርጥብ አሸዋ ስለሚጣበቅ ጉድጓዱ አይሠራም፣ እጩም ይርበዋል። ከሁሉ በላይ ፀሐይ ላይ አታኑረው። እጭ ሜዳ ላይ ሲሞቀው ጠለቅ ብሎ ወደ ቀዝቃዛው አሸዋ ይወርዳል፤ ኩባያ ውስጥ ከላይ እስከ ታች እኩል ስለሚግል መሸሻ የለውም፣ በአንድ ቀትር ይሞታል።

ጉድጓዱ ፈርሶ ከሳምንት በላይ ካልታደሰ ሞተ ብለህ አትድፋው። በአብዛኛው አሸዋ ሥር ድር ፈትሎ፣ አሸዋ የተለጠፈበት ክብ እንክብል ውስጥ ገብቷል፤ መጠኑ ሽንብራን ያህላል ወይም ትንሽ ይበልጣል። ቆፍረህ አትመልከት። በዚያን ጊዜ ኩባያው ውስጥ ሸካራ ጭራሮ አቁም፣ የጎኑን ግድግዳ በወረቀት ሸፍን፣ አፉን በወንፊት ጨርቅ እሰር። አብዛኛው ሰው ልፋቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፦ ነፍሳቱ እንደወጣ ወደ ላይ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ካልሆነ ክንፉን አይዘረጋም። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ እየተንሸራተተ ከወደቀ ክንፉ ተጨማድዶ ይደርቃል፣ ከዚያ ምንም ሥር አይቆጠርበትም። ሙቀቱ ደህና ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይወጣል።

እንደወጣ ፎቶ አታንሣ። ቀለሙ የሚጸናው በማግሥቱ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ፈዛዛ ስለሆነ ሚርሜሊዮንም ኩዌታ ይመስላል። እጩ ዕድሜውን ሁሉ ስለማይጸዳዳ የተጠራቀመውን የሚያወጣው ከጎለመሰ በኋላ ነው፣ እንክብል የመሰለ ጠጣር ነገር ካየህ ያ ነው። ከዚያ የድሩን እንክብል በጥንቃቄ ክፈተው፤ ውስጡ የእጩ የመጨረሻ ቆዳ ከነመንጋጋው ተጨማድዶ ይገኛል። ቆዳውን ሞቅ ባለ ውኃ አለስልሰህ መንጋጋውን አንሣው። የሦስቱ ጥርሶች ፎቶና የክንፉ ፎቶ ከአንድ ኩባያ የመጡ መሆናቸው ነው ዋጋው።

ሐሩር፦

ወንፊት ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ። የምጨምረው አንድ ነገር፣ ኩባያውን በተገኘበት ቦታ ሙቀት ዓይነት መያዝ አለብህ። ከጥላ የመጣውን ጥላ ሥር፣ ከገላጣው የመጣውን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ።

ጥያቄ አለኝ። ፎቶ 1 እና ፎቶ 3 የተነሡበትን ቀንና ሰዓት ጻፍልን፤ የትኛው ዝርያ በየትኛው ወር እንደሚበር የሚያሳየው እሱ ነው።

አዋሽ_ዳር፦

ፎቶ 1 ጥር 12፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ፎቶ 3 የካቲት 3፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል። እጩን ዛሬ ኩባያ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። እህቴ ወንፊት፣ በጣም አመሰግንሻለሁ።

ክንፈ_መረብ፦

አይናቹራሊስት (ሰዎች ያዩትን ፍጥረት በፎቶ የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ) ላይ ከመጫንህ በፊት እነዚህን ሁለቱን አስተካክል። ጥር 12ን «ጃንዋሪ 12» ብለህ ብትሞላው ቢያንስ 8 ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ትክክለኛው ጃንዋሪ 20 ነው፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ በመጣው ዓመት ከሆነ 21። «ከምሽቱ 2 ሰዓት»ን ደግሞ 20፡00 ብለህ ጻፈው፤ 2፡00 ብለህ ከተውከው መዝገቡ ነፍሳቱን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የመጣ ያደርገዋል። የካሜራህ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ በፎቶው ውስጥ የተመዘገበውም ስሕተት ነው፣ በእጅህ አርመው።

ፎቶ 1ን «ፓልፓሪኒ»፣ ፎቶ 2ን ከአዲሶቹ 5 ጋር አንድ ላይ ሳይሆን ለየብቻቸው አድርገህ ጫን፤ ሁለት ነፍሳት ናቸውና አንድ መዝገብ ውስጥ አይገቡም። ፎቶ 3ን ለጊዜው «የጉንዳን አንበሳ ቤተሰብ» ብለህ አስቀምጠውና ጥቁር ጨርቅ ላይ የኋላ ክንፉን ስታነሣ ወደ ኩዌታ እናወርደዋለን።